የዮሐንስ ቡንያን ታሪክ

፩፤ ልጅነቱ

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ተብሎ ይተረታል። ይህ ምሳሌ ለሥጋ በሽታ ብቻ የተነገረ አይደለም፤ ለልብ ጭንቀትም የሚስማማ ነው። በፊቱ እየሳቀ በልቡ የሚያለቅስ ሰው ብዙ ነው፤ ጎረቤቱም ሳያውቅለት ይኖራል። ከእንደነዚህ ካሉት ሰዎች አንዱ ዮሐንስ ቡንያን ነበረ።

ዮሐንስ ቡንያን በእንግሊዝ አገር፣ በቤድፎርድ ከተማ አጠገብ፣ ኤልስቶ በምትባል መንደር በ1628 ዓመተ ምሕረት ተወለደ። በዚህ ታሪክ የሚነገረው ዓመት ሁሉ በአውሮጳውያን አቈጣጠር ነው። አባቱ ቶማስ ቡንያን የመዳብና የናስ ዕቃ ጠጋኝ ነበረ፤ የተበሳውን ድስትና የተሰነጠቀውን ማንቈርቈሪያ እየጠገነ እንጀራውን ያገኝ ነበር። ይህ ሥራ በዚያ አገር ከተናቁት ሥራዎች ይቈጠር ነበር። ወላጆቹ ግን ድሆች ሳሉ ልጃቸው ማንበብና መጻፍ ይማር ዘንድ ወደ ትምህርት ቤት ሰደዱት። ጥቂት ከተማረም በኋላ ከአባቱ ጋራ ሆኖ የዕቃ መጠገንን ሥራ ያዘ።

ዮሐንስ በቀን ከመንደሩ ልጆች ሁሉ ይልቅ ይራገምና ይዋሽ ነበር፤ በክፋትም አለቃቸው እርሱ ነበረ። ሌሊት ግን አስፈሪ ሕልም እያየ ይደነግጥ ነበር። ዘጠኝ ወይም ዐሥር ዓመት ሲሆነው ስለ ኃጢአቱና ስለ ፍርድ ቀን እያሰበ በጨዋታው መካከል እንኳ ልቡ ያዝን ነበር።

በ1644 ዓመተ ምሕረት፣ ገና 16 ዓመት ሳይሞላው፣ እናቱ ማርጋሬት ሞተች። አንድ ወር ሳይቈይም እኅቱ ተከትላ ሞተች። አባቱም ወዲያው ሌላ ሚስት አገባ። በዚያ ወራት በእንግሊዝ አገር በንጉሡና በእንደራሴዎች ጉባኤ መካከል ታላቅ ጦርነት ነበረ፤ ዮሐንስም በዚያው ዓመት በእንደራሴዎቹ ጭፍራ ውስጥ ወታደር ሆኖ ገባ። አንድ ቀን አንዲት ከተማን ለመክበብ ይሄድ ዘንድ ተመርጦ ሳለ፣ አንድ ባልንጀራው በእርሱ ፈንታ ልሂድ ብሎ ለመነው፤ እርሱም ፈቀደለት። ያም ባልንጀራው በዘብ ቆሞ ሳለ ራሱን በጥይት ተመትቶ ሞተ። ዮሐንስ ይህን ነገር እስከ ዕድሜው ፍጻሜ አልረሳውም፤ በዚያን ጊዜ ግን አካሄዱን አላሻሻለም።

፪፤ ለማንም ያልነገረው ጭንቀት

ጦርነቱ ካለፈ በኋላ ዮሐንስ ወደ መንደሩ ተመልሶ ሚስት አገባ። ሁለቱም እጅግ ድሆች ስለ ነበሩ በቤታቸው ሳህንም ማንኪያም አልነበረም። ሚስቱ ከአባቷ ቤት ይዛ የመጣችው ሀብት ስለ እግዚአብሔር መንገድ የተጻፉ ሁለት መጻሕፍት ብቻ ነበሩ። ዮሐንስ ከሚስቱ ጋራ እነዚህን መጻሕፍት አንዳንድ ጊዜ ያነብ ነበር፤ ወደ ቤተ ክርስቲያንም መሄድ ጀመረ። በ1650 ዓመተ ምሕረት የመጀመሪያ ልጃቸው ማርያም ተወለደች፤ እርስዋም ዕውር ነበረች።

በአንድ እሑድ ቀን ካህኑ ሰንበትን ስለሚሽሩ ሰዎች ሰበከ። ዮሐንስ ስብከቱን ሰምቶ ልቡ ተነካ፤ ምሳውን ከበላ በኋላ ግን ረሳውና ከባልንጀሮቹ ጋራ ወደ መንደሩ ሜዳ ወጥቶ አጭር እንጨት በዱላ እየመቱ የሚያስፈነጥሩበትን ጨዋታ ይጫወት ጀመረ። እንጨቱን አንድ ጊዜ መትቶ ሁለተኛ ሊመታው ዱላውን ሲያነሣ፣ ኃጢአቱን ትቶ ወደ ሰማይ መሄድን ወይም ኃጢአቱን ይዞ ወደ ሲኦል መውረድን ይመርጥ ዘንድ የሚጠይቅ ቃል በልቡ ውስጥ ተሰማው። ዱላውን ጥሎ ወደ ሰማይ እያየ ቆመ። ከእንግዲህ ምሕረት አይገኝልኝም ብሎ አሰበ። ባልንጀሮቹ ሁሉ በዙሪያው ቆመው ነበር፤ እርሱ ግን ያገኘውን ነገር አንድ ቃል ስንኳ አልነገራቸውም። ዱላውን እንደ ገና አንሥቶ ምንም እንዳልሆነ ሰው ጨዋታውን ቀጠለ።

ከዚህም በኋላ አንድ ወር ያህል ቈይቶ፣ በአንድ ጎረቤቱ ሱቅ መስኮት አጠገብ እንደ ልማዱ ሲራገም ሲሳደብ፣ የቤቲቱ እመቤት ሰማችው። እርስዋ ራስዋ ምግባር የሌላት ሴት ነበረች፤ ነገር ግን እንዲህ ያለ መራገም ከቶ ሰምታ እንደማታውቅ፣ የከተማውንም ልጆች ሁሉ እንደሚያበላሽ ነግራ ገሠጸችው። ዮሐንስም እጅግ አፈረ፤ አንገቱን ደፍቶም እንደ ገና ሕፃን ሆኖ ሳይራገም መናገርን ከአባቱ ቢማር ብሎ ተመኘ። ከዚያም ቀን ጀምሮ መራገምን ተወ።

ቀጥሎም ዘፈንን ተወ፤ እጅግ ይወደው የነበረውን ደወል መደወልንም ተወ። ነገር ግን ሌሎች ሲደውሉ ለማየት ወደ ደወሉ ቤት ይሄድ ነበር። በዚያም ቆሞ ሳለ ደወሉ ወድቆ ይገድለኝ ይሆን ብሎ ፈራ፤ ስለዚህ በወፍራሙ ምሰሶ ሥር ቆመ። እንደ ገናም ደወሉ ከግድግዳው ተመልሶ ይመታኝ ይሆን ብሎ ወደ በሩ ፈቀቅ አለ። በመጨረሻም ግንቡ ራሱ ይወድቅብኛል ብሎ ፈርቶ ከዚያ ሸሸ። ያ የድንጋይ ግንብ ግን እስከ ዛሬ ድረስ በኤልስቶ ቆሞ ይገኛል።

የመንደሩ ሰዎች መልካም ለውጡን አይተው አደነቁ፤ በፊቱም በኋላውም አመሰገኑት። እርሱም በምስጋናቸው ደስ ይለው ነበር። ነገር ግን በውጭ እንደ ጻድቅ ሰው ሲታይ በውስጡ እንደሚናወጥ ባሕር ነበረ። ሰው ሁሉ ስላመሰገነው ጭንቀቱን ለመናገር ይልቁን አፈረ። የተመሰገነ ሰው ድካሙን ቢገልጥ ምስጋናው የሚቀርበት ይመስለዋልና።

፫፤ በደጅ የተቀመጡት ሴቶች

አንድ ቀን ዮሐንስ ለሥራው ወደ ቤድፎርድ ከተማ ሄደ። በአንዲት መንገድ ሲያልፍ ሦስት ወይም አራት ድሆች ሴቶች በቤት ደጅ በፀሐይ ተቀምጠው ሲነጋገሩ አየ። ነገራቸው ስለ እግዚአብሔር ስለ ነበረ ሊሰማቸው ቀረበ። እርሱ ስለ ሃይማኖት መናገርና መከራከር የሚችል ሰው ነበረና እነግራቸዋለሁ ብሎ አስቦ ነበር። ነገር ግን ሲናገሩ በሰማ ጊዜ አፉ ተዘጋ፤ ነገራቸው ከማስተዋሉ በላይ ነበረና።

ሴቶቹ ስለ ሰው ነውር አላወሩም፤ ስለ ራሳቸው ልብ ድካም ግን ያለ ኀፍረት እርስ በርሳቸው ይነጋገሩ ነበር። እንዴት እንደ ተፈተኑ፣ እንዴት እንደ ወደቁ፣ እግዚአብሔርም በልጁ በኢየሱስ ክርስቶስ ፍቅር እንዴት ጐብኝቶ እንዳጽናናቸው ይናገሩ ነበር። ንግግራቸውም ደስታ የመላበት ስለ ነበረ፣ ዮሐንስ እርሱ የማያውቀውን አዲስ ዓለም ያገኙ መሰለው።

እርሱም ወደ ሥራው ሄደ፤ ልቡ ግን ከእነርሱ ዘንድ ቀረ። እስከዚያ ቀን ድረስ እንዲህ ያለ የውስጥ ጦርነት ያለበት እርሱ ብቻ ይመስለው ነበር። አሁን ግን ሌሎችም እንደ ተዋጉ፣ ተዋግተውም እንዳልጠፉ ሰማ። ስለዚህ ምክንያት እየፈለገ ወደ እነዚያ ድሆች ሰዎች ደጋግሞ ይሄድ ነበር። በሄደም ቍጥር ልቡ ይለሰልስ ነበር።

ነገር ግን ገና አልነገራቸውም። ከኤልስቶ ወደ ቤድፎርድ በሚወስደው መንገድ ሲሄድ፣ እምነት እንዳለኝ በምን አውቃለሁ እያለ ይጨነቅ ነበር። አንድ ቀንም እምነቱን ይፈትን ዘንድ፣ በፈረስ ኮቴ ጉድጓድ ውስጥ ያለው ውኃ እንዲደርቅ፣ ደረቁም መሬት ውኃ እንዲሆን ሊያዝ አሰበ። አስቀድሞ ልጸልይ ብሎ ወደ ቍጥቋጦው ሊሄድ ሲል ግን፣ ባይሆንልኝ ፈጽሞ ተስፋ እቈርጣለሁ ብሎ ፈርቶ ተወው። ብቻውን የሚጨነቅ ሰው አሳብ እንዲህ ወዲያና ወዲህ ይባዝናል።

በዚያም ወራት እንደ ራእይ ያለ ነገር ታየው። እነዚያ የቤድፎርድ ድሆች በአንድ ረጅም ተራራ ፀሐይ በሚወጣበት ወገን ተቀምጠው ይሞቁ ነበር። እርሱ ግን በማዶ፣ በውርጭና በበረዶ በጥቍርም ደመና ውስጥ ሆኖ ይንቀጠቀጥ ነበር። በእርሱና በእነርሱ መካከል ተራራውን የከበበ ቅጥር ነበረ። በቅጥሩ ዙሪያ እየዞረ መግቢያ ሲፈልግ አንዲት ጠባብ ቀዳዳ አገኘ። ብዙ ከታገለ በኋላ በመጀመሪያ ራሱን፣ ቀጥሎም ትከሻውን፣ በመጨረሻም ሰውነቱን ሁሉ አስገባ። ወደ እነርሱም ሄዶ በመካከላቸው ተቀመጠ፤ የፀሐያቸውም ሙቀት አሞቀው።

፬፤ ሸክሙን ለሌሎች ገለጠ

ከዚህ በኋላ ዮሐንስ ልቡን አስጨክኖ ጭንቀቱን ለእነዚያ ድሆች ገለጠላቸው። እነርሱም አልሣቁበትም፤ አላባረሩትምም። የማኅበራቸው እረኛ ለነበረው ለዮሐንስ ጊፎርድ ነገሩለት።

ይህም ጊፎርድ የኃጢአተኛን ልብ የሚያውቅ ሰው ነበረ። አስቀድሞ በንጉሡ ጭፍራ ሻለቃ ነበረ። በ1648 ዓመተ ምሕረት ተማርኮ ሞት ተፈርዶበት ሳለ፣ እኅቱ ልትጠይቀው መጥታ ጠባቂዎቹ ተኝተው ስላገኘች፣ እንዲያመልጥ መከረችው፤ አመለጠም። ወደ ቤድፎርድም መጥቶ ሐኪም ሆነ። በዚያም ሰካራምና ቁማርተኛ ሆኖ ይኖር ነበር። በኋላ ግን ንስሐ ገብቶ በ1650 ዓመተ ምሕረት ከጥቂት ምእመናን ጋራ በቤድፎርድ ማኅበር መሠረተ። የመጀመሪያዎቹ ማኅበረተኞች 12 ብቻ ነበሩ።

ጊፎርድ ዮሐንስን ወደ ቤቱ ጠራው። ሌሎች ሰዎች ስለ ነፍሳቸው ሲነጋገሩ አብሮ ተቀምጦ እንዲሰማ አደረገው። ከዚህም የተነሣ ዮሐንስ የራሱን ልብ ክፋት ከቀድሞው ይልቅ አጥርቶ አየ፤ ለጊዜውም ሐዘኑ በዛ። ውሻውንና እንቍራሪቱን ሲያይ፣ የሚጠፋ ነፍስ የላቸውምና ከእኔ ይሻላሉ እያለ ይቀናባቸው ነበር።

ጭንቀቱን ለሌሎች የሚገልጥ ሰው በዚያው ቀን ይድናል ማለት አይደለም። ዮሐንስ ወደ ማኅበሩ ከቀረበ በኋላም የከፋ ፈተና ደረሰበት። ክርስቶስን እንዲሸጥ የሚገፋፋ አሳብ መጣበት፤ ሲበላም፣ እንጨት ሲፈልጥም፣ ሲተኛም አይለየውም ነበር። አንድ ቀን ማለዳ በአልጋው ላይ ሳለ ከመታገሉ ብዛት ደከመው፤ ለዚያም አሳብ እሺ ያለ መሰለው። ከዚህ በኋላ ብኵርናውን እንደ ሸጠው እንደ ዔሳው ሆኛለሁ፣ ይቅርታም የለኝም ብሎ ብዙ ዘመን አለቀሰ።

በዚያ ጊዜ ወደ አንድ ሽማግሌ ክርስቲያን ሄዶ፣ የማይሰረይ ኃጢአት የሠራሁ ይመስለኛል ብሎ ነገረው። ያም ሽማግሌ እኔም እንዲሁ ይመስለኛል ብሎ መለሰለት። ይህ መልስ ለቈሰለ ልብ ምን ያህል የከበደ ነው! ሽማግሌው መልካም ሰው ነበረ፤ ነገር ግን እንዲህ ያለ ፈተና አይቶ አያውቅም ነበርና ሊረዳው አልቻለም። ከምእመናን መካከል እንኳ ማጽናናት የማይችል ሰው ይገኛል። ዮሐንስ ግን ስለ አንድ ሰው ስሕተት ማኅበሩን ትቶ አልሸሸም።

ቀስ በቀስም መጽናናት አገኘ። መጀመሪያ፣ ከእርጅና የተነሣ ቅጠሉ ሊበታተን የደረሰ መጽሐፍ በእጁ ገባ፤ ይኸውም ማርቲን ሉተር ስለ ገላትያ መልእክት የጻፈው ትርጓሜ ነበረ። ባነበበውም ጊዜ፣ ከመቶ ዓመት በፊት የነበረ ሰው የእርሱን ልብ አይቶ የጻፈ መሰለው። ከመጽሐፍ ቅዱስ በቀር ለቈሰለ ልብ ከመጻሕፍት ሁሉ የሚሻል ይህ ነው ብሎ ወደደው።

ሁለተኛም፣ አንድ ቀን በማኅበሩ መካከል እያዘነና እየፈራ ተቀምጦ ሳለ፣ የእግዚአብሔር ጸጋ ይበቃው ዘንድ ለሐዋርያው ለጳውሎስ የተነገረው ቃል በልቡ ሦስት ጊዜ ደጋግሞ መጣ። ያም ቃል ለእርሱ የተነገረ ሆኖ ተሰማው። ይህ መጽናናት ብቻውን በጨለማ ሲቀመጥ ሳይሆን ከወንድሞቹና ከእኅቶቹ ጋራ ተቀምጦ ሳለ መጣለት። ሦስተኛም፣ በእርሻ መካከል ሲያልፍ፣ ጽድቁ በራሱ ልብ ሳይሆን በሰማይ በክርስቶስ ዘንድ እንዳለ አስተዋለ። ልቡ ሲከፋ ጽድቁ እንደማይጐድል፣ ልቡም ሲሻል ጽድቁ እንደማይጨምር አወቀ። ሰንሰለቱም ከእግሩ እንደ ወደቀለት እስረኛ ደስ እያለው ወደ ቤቱ ሄደ።

፭፤ የተደገፈው ደጋፊ ሆነ

ዮሐንስ በማኅበሩ ከተቈጠረ በኋላ፣ ጊፎርድ በ1655 ዓመተ ምሕረት ሞተ። በሞቱ ጊዜም ማኅበረተኞቹ በጥቃቅን ክርክር እንዳይለያዩ በደብዳቤ መክሯቸው ነበር። ከዚያም ወንድሞች ዮሐንስን ይናገር ዘንድ ለመኑት። እርሱ ፈራ፤ ድካሙን ያውቅ ነበርና። ነገር ግን እየደጋገሙ ስለ ለመኑት በጥቂት ሰዎች መካከል ተናገረ፤ ሰሚዎቹም ተጽናኑ። ከዚያም ወዲያ በየመንደሩ እየዞረ ሰበከ። እርሱ ራሱ የተጨነቀ ስለ ነበረ ለተጨነቁት የሚሆነውን ቃል ያውቅ ነበር። ቀን ድስት ይጠግናል፤ በማታና በሰንበትም የተሰበረ ልብ ይጠግናል።

በ1658 ዓመተ ምሕረት ሚስቱ አራት ልጆች ትታለት ሞተች። በሚከተለውም ዓመት ኤልሳቤጥ የምትባል ሴት አገባ፤ እርስዋም ለልጆቹ መልካም እናት ሆነችላቸው።

በ1660 ዓመተ ምሕረት ንጉሥ ቻርልስ ሁለተኛ በነገሠ ጊዜ፣ ከመንግሥቱ ቤተ ክርስቲያን ውጭ የሚደረግ ስብሰባ ተከለከለ። በኅዳር ወር ዮሐንስ በአንድ መንደር ሊሰብክ በሄደ ጊዜ ሊይዙት እንደሚመጡ ነገሩት። ሊሸሽ ይችል ነበር። ነገር ግን እኔ ብሸሽ በቅርብ ያመኑት ደካሞች ይፈራሉ ብሎ በዚያው ቆየ፤ ያዙትም። አልሰብክም ብሎ ቃል ቢሰጥ ይለቁት ነበር፤ እርሱ ግን እንቢ አለ። በዚያን ጊዜ ኤልሳቤጥ ነፍሰ ጡር ነበረች፤ መያዙንም ሰምታ ስለ ደነገጠች ያለ ጊዜዋ ወለደች፤ ሕፃኑም ሞተ።

በሚከተለውም ዓመት ኤልሳቤጥ በቤድፎርድ በዳኞች ፊት ቆማ ስለ ባልዋ ለመነች። አራት ትንንሽ ልጆች እንዳሉዋት፣ አንዲቱም ዕውር እንደ ሆነች፣ የሚኖሩትም በቸር ሰዎች ምጽዋት እንደ ሆነ ነገረቻቸው። ዳኛው ማቴዎስ ሄል ቢያዝንላትም ሊፈታው አልቻለም።

ዮሐንስም በወኅኒ ቤት 12 ዓመት ኖረ። ከሚስቱና ከልጆቹ መለየት ሥጋን ከአጥንት እንደ መለየት ያለ ሕመም ሆነበት፤ ይልቁንም ስለ ዕውሪቱ ልጁ ያዝን ነበር። ቤተ ሰቡን ለመርዳት ጫፉ በብረት የተያዘ የልብስ ማሰሪያ ክር እየሠራ ይሸጥ ነበር። በወኅኒው ውስጥም ስለ እምነታቸው ከታሰሩት ከሌሎች ጋራ ይጸልይና ያስተምር ነበር። በ1666 ዓመተ ምሕረት ስለ ራሱ ሕይወት የጻፈው መጽሐፍ ታተመ። በዚያ መጽሐፍ ከልጅነቱ ጀምሮ ለባልንጀሮቹ ያልነገረውን ጭንቀት ሁሉ፣ በሜዳው ላይ ዱላውን የጣለበትን ቀን እንኳ፣ ሳይሸሽግ ጻፈ። ይህን ያደረገው፣ እንደ እርሱ በስውር የሚጨነቅ ሰው ብቻውን እንዳልሆነ ያውቅ ዘንድ ነው።

በ1672 ዓመተ ምሕረት በጥር ወር፣ ዮሐንስ ገና እስረኛ ሳለ፣ የቤድፎርድ ማኅበር እረኛው ይሆን ዘንድ መረጠው። በዚያው ዓመት ተፈታ። ማኅበሩም አንድ የእህል ጎተራ ገዝቶ የጸሎት ቤት አደረገው።

፮፤ የመንፈሳዊው መንገደኛ መጽሐፍ

በ1678 ዓመተ ምሕረት ስሙን በዓለም ሁሉ ያሰማው መጽሐፍ ታተመ። መጽሐፉ ክርስቲያን የሚባል ሰው በጀርባው ከባድ ሸክም ተሸክሞ ከጥፋት ከተማ ወደ ሰማያዊት ከተማ ያደረገውን ጕዞ በምሳሌ ይተርካል። አማርኛን ጨምሮ ከ200 በሚበልጡ ቋንቋዎች ተተርጉሟል።

መጽሐፉን አስተውሎ ያነበበ ሰው፣ መንገደኛው ብቻውን እንዳልደረሰ ያያል። በተስፋ መቍረጥ ረግረግ በወደቀ ጊዜ ረዳት የሚባል ሰው እጁን ይዞ አወጣው። በመጨረሻም የሞትን ወንዝ ሲሻገር፣ ሊሰጥም በቀረበ ጊዜ ባልንጀራው ባለ ተስፋ ራሱን ከውኃው በላይ ደግፎ አሻገረው።

ሁለተኛው ክፍል በ1684 ዓመተ ምሕረት ታተመ። በዚህ ክፍል የክርስቲያን ሚስት ከልጆችዋ ጋራ በዚያው መንገድ ትሄዳለች። ልበ ደካማ የሚባል አንድ በሽተኛም ከመንገደኞቹ ጋራ ይገናኛል። እርሱም በዝግታ ስለሚሄድ ለብርቱዎቹ ሸክም እሆናለሁ ብሎ ወደ ኋላ ሊቀር ፈለገ። መሪያቸው ታላቅ ልብ ግን ሊተወው አልፈቀደም፤ ስለ እርሱ ቀስ ብለው ሊሄዱና ሊጠብቁት እንደሚገባቸው ነገረው። ቀጥሎም በምርኵዝ የሚሄድ አንድ አንካሳ መጥቶ የልበ ደካማ ባልንጀራ ሆነ። እነርሱም በየተራቸው ወንዙን ተሻገሩ፤ ከደካሞቹ አንድ ስንኳ በመንገድ አልቀረም። ዮሐንስ ይህን የጻፈው ከሌላ ሰው ሰምቶ አይደለም፤ እርሱ ራሱ ልበ ደካማ ሆኖ በቤድፎርድ ድሆች ተጠብቆ ነበርና።

፯፤ ፍጻሜው

በ1688 ዓመተ ምሕረት አንድ ወጣት ከአባቱ ጋራ ተጣልቶ ነበር። አባቱም ርስቱን ሊነሣው አሰበ። ዮሐንስም ሊያስታርቃቸው በፈረስ ተቀምጦ ሬዲንግ ወደምትባል ከተማ ሄደ፤ አባትየውንም ለምኖ ልቡን አበረደው። ከዚያም ወደ ለንደን ሲሄድ ብርቱ ዝናብ አገኘው። እስከ አጥንቱም ርሶ ወደ ወዳጁ ቤት ደረሰ። ጥቂት ቀን ከቈየ በኋላ ንዳድ ያዘው፤ በነሐሴ ወር 31 ቀንም ሞተ። ዕድሜው ስድሳ ዓመት ሊሞላ ጥቂት ቀርቶት ነበር። በለንደን ቡንሂል በሚባል መካነ መቃብር ተቀበረ።

በ1874 ዓመተ ምሕረት በቤድፎርድ ከተማ ለዚህ ለተናቀው ዕቃ ጠጋኝ የነሐስ ሐውልት ቆመለት። በደጅ ተቀምጠው ይነጋገሩ ለነበሩት ድሆች ሴቶች ግን ሐውልት አልቆመላቸውም። ስብከት አልሰበኩም፤ መጽሐፍም አልጻፉም። አንድ የተጨነቀ መንገደኛ ግን አጠገባቸው ቆሞ ይሰማቸው ነበር። ነገር ግን የራሳቸውን ድካም በቅንነት ስለ ተነጋገሩ፣ የዚያ መንገደኛ ልብ ተከፈተ፤ ከእርሱም የወጣው መጽሐፍ ለዓለም ደረሰ።

ልጆች ሆይ፣ ከዚህ ታሪክ ሁለት ነገር ተማሩ። ፊተኛው ይህ ነው፤ በልባችሁ ጭንቀት ቢኖር በጨዋታና በሣቅ አትሸፍኑት። ለአባታችሁ ወይም ለእናታችሁ፣ ለመምህራችሁ ወይም እግዚአብሔርን ለሚፈራ ሽማግሌ ንገሩ። አንዱ ባይረዳችሁ ወደ ሌላው ሂዱ እንጂ ተስፋ አትቍረጡ። ሁለተኛውም ይህ ነው፤ ከባልንጀሮቻችሁ መካከል ዝም ብሎ የሚያዝን ብታዩ፣ ቀርባችሁ አብራችሁት ተቀመጡ። አትሣቁበት፤ ምሥጢሩንም በአደባባይ አታውሩበት። እርሱ ቀስ ብሎ ቢሄድ እናንተም ቀስ በሉ።

ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ግን ጌጡ ነው።